መቅዳት፦ ጉድጓድ፣ ካሴትና ፍርሃት በኮጂ ሱዙኪ ልብ ወለዶች



የዛሬው ንግግር ርእስ በማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ከወጣ በኋላ አንድ ባልደረባዬ «የጃፓን ሙት መንፈስ ለድሬዳዋ ሰው ምኑ ነው?» ሲል ጠይቆኛል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ መልሴንም በአንድ የአማርኛ ግሥ ልጀምር። «ቀዳ» እንላለን። ውሃ ከጉድጓድ ይቀዳል፤ ዘፈን በካሴት ይቀዳል፤ ጽሑፍም ከሌላ ጽሑፍ ይቀዳል፤ «ቅጂ» የሚለውን ስም ያገኘነው ከዚሁ ግሥ ነው። ኮጂ ሱዙኪን በዓለም ዝነኛ ያደረገው ልብ ወለድ በእነዚህ በሦስቱ ፍቺዎች ላይ የቆመ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ጉድጓድ አለ፤ በጉድጓዱ ውስጥ የተጣለች ሴት አለች፤ የእሷ ቁጣ የተቀዳበት የቪዲዮ ካሴት አለ፤ ካሴቱን ቀድቶ ለሌላ ያሳየ ይድናል፤ ያልቀዳ በሰባተኛው ቀን ይሞታል። ጃፓንኛው እነዚህን ነገሮች በአንድ ቃል አያስርም። የእኛ ቋንቋ ያስራል። በዚህ ምክንያት መጽሐፉን በአማርኛ የሚያስብ አንባቢ ደራሲው ራሱ ያላሰበውን ሊያይበት ይችላል ብዬ አምናለሁ።

አስቀድሜ አንድ ነገር ላሳስብ። የልብ ወለዱን ፍጻሜ ሳልናገር ስለ ሥራው ቁም ነገር መናገር አይቻለኝም። መጽሐፉን ያላነበባችሁ ፍጻሜውን ከእኔ አፍ ትሰማላችሁ።

ሱዙኪ እ.ኤ.አ. በ1957 በሺዙኦካ ግዛት በሐማማትሱ ከተማ ተወለደ። በኬዮ ዩኒቨርሲቲ የፈረንሳይ ሥነ ጽሑፍ አጠና። ከዚያ በኋላ ያለው አኗኗሩ ለዘመኑ ጃፓናዊ ባል እንግዳ ነበር፤ ባለቤቱ በመምህርነት ስትሠራ እሱ ቤት ውሎ ሴቶች ልጆቹን ያሳድግ ነበር፤ ጎን ለጎንም በማጠናከሪያ ትምህርት ቤት እያስተማረ ይጽፍ ነበር። በአገሩ ስለ ልጅ አስተዳደግና ስለ አባትነት በጻፋቸው መጻሕፍትም ይታወቃል። ይህን የምጠቅሰው ለሕይወት ታሪክ ያህል አይደለም፤ ቆይተን እንደምናየው በልብ ወለዶቹ ውስጥ ከሙት መንፈሱ ይልቅ የሚያስጨንቀው ልጅ ያለው ወላጅ ስለሆነ ነው።

የመጀመሪያ ልብ ወለዱ «ራኩኤን»፣ ትርጉሙም «ገነት»፣ እ.ኤ.አ. በ1990 ለሽልማት በቃ። በማግሥቱ ዓመት «ሪንጉ» ማለትም «ቀለበት» ታተመ። በ1995 ተከታዩ «ራሰን» ወጣ፤ ይህም በ1996 በዮሺካዋ ኤጂ ስም የሚሰጠውን የአዳዲስ ደራስያን ሽልማት አስገኘለት። በ1998 «ሩፑ» ሦስትዮሹን ዘጋው። በዚያው ዓመት ሂዴኦ ናካታ «ሪንጉ»ን ወደ ፊልም ለወጠው፤ በ2002 ደግሞ አሜሪካዊው ጎር ቨርቢንስኪ እንደገና ሠራው። የእንግሊዝኛው ትርጉም በ2003 ታተመ፤ እኔም የማነበው በዚሁ ትርጉም ነው። «ኤጅ» የተባለው የ2008 ሥራው በእንግሊዝኛ ከወጣ በኋላ በአሜሪካዊቷ ደራሲ በሸርሊ ጃክሰን ስም የተሰየመውን ሽልማት አግኝቷል። ከዚህ ሁሉ ይልቅ ተማሪዎቼን የሚያስገርማቸው ግን በ2009 አንድ አስፈሪ አጭር ልብ ወለዱ በመጸዳጃ ወረቀት ጥቅል ላይ ታትሞ መሸጡ ነው። ሳቁ፤ ግድ የለም። ሰው በሩን ዘግቶ ብቻውን የሚቀመጥበትን ቦታ መርጦ አንባቢን ማስፈራራት ሙያን ማወቅ ነው።

አሁን ወደ ሙት መንፈሱ እንለፍ። ጃፓን «ካይዳን» የሚባል ረጅም የአስፈሪ ተረት ባህል አላት። ኡኤዳ አኪናሪ እ.ኤ.አ. በ1776 «ኡጌትሱ ሞኖጋታሪ»ን አሳተመ። በ1825 የሱሩያ ናምቦኩ የዮትሱያ ታሪክ መድረክ ላይ ወጣ፤ በባሏ ክህደት ፊቷ ተበላሽቶ የሞተችው ኦይዋ እስከ ዛሬ ጃፓናውያንን ታስፈራለች። ከዚህ ጎን ደግሞ የኦኪኩ ተረት አለ፤ ሳህን ጠፋ ተብላ በጉድጓድ የተጣለች አገልጋይ ሌሊት ሌሊት ከጉድጓዱ ሆና ሳህኖቹን ትቆጥራለች፤ ዘጠኝ ላይ ስትደርስ ታለቅሳለች። ትውልደ ግሪክና አየርላንዳዊው ላፍካዲዮ ሐርን በ1904 ባሳተመው ስብስብ ይህን ዓለም ለእንግሊዝኛ አንባቢ አስተዋወቀ።

በእነዚህ ተረቶች ውስጥ አንድ ያልተጻፈ ውል አለ። ሙታን የሚመለሱት ያልተከፈለ ዕዳ ሲኖር ነው። ግፉ ይገለጣል፤ አጥንቱ ይገኛል፤ ሥርዓተ ቀብሩ ይፈጸማል፤ ከዚያ መንፈሱ ያርፋል።

በእኛ ዘንድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። የሚያስፈሩን በአብዛኛው ሙታን አይደሉም። ለሙታን ፍትሐት አለ፣ ዱዓ አለ፣ ተዝካርና ሰደቃ አለ፤ ሟች በወጉ ይሸኛል። የሚያስፈሩን ከመጀመሪያውኑ ከእኛ ጋር የኖሩት ናቸው። ዛሮች፣ እንደሚተረከው፣ ሔዋን ከፈጣሪ ዐይን የሸሸገቻቸው ቆንጆዎቹ ልጆቿ ናቸው፤ ስለዚህ ወንድሞቻችን ናቸው። ቡዳው ጎረቤታችን ነው። በዚህ በኛ አካባቢ ጂኑ ከሰው ጋር መንገድ ይጋራል፤ ሐረር ጎረቤታችን ደግሞ ጅብ ጂን ይበላል ብላ ለጅቡ በግንቧ ቀዳዳ መግቢያ ትታለታለች። እንዲህ ያለ ሀብት ያለው ሕዝብ ዘመናዊ ልብ ወለዱ ውስጥ አስፈሪ ታሪክ ለምን አነሰው? የእኔ ግምት ይህ ነው፦ ከአፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ «ልብ ወለድ ታሪክ» ጀምሮ የአማርኛ ልብ ወለድ ራሱን እንደ መምህር ሲያይ ኖሯል። መምህር ደግሞ መንፈስን የሚያነሣው ድንቁርና ነው ብሎ ለማስጣል ነው። በይስማዕከ ወርቁ «ዴርቶጋዳ» ላይ የታየው የአንባቢ ግፊያ ግን ለምሥጢርና ለጭንቀት ያለን ረሃብ ትልቅ መሆኑን ያሳያል። ይህን እዚህ ልተወው፤ ራሱን የቻለ ንግግር ይፈልጋል።

ወደ «ሪንጉ» እንመለስ። አራት ወጣቶች በአንድ ቀን፣ በአንድ ሰዓት፣ በተለያየ ቦታ ልባቸው ቆሞ ይሞታሉ። ከአራቱ አንዷ የጋዜጠኛው የካዙዩኪ አሳካዋ የሚስቱ እኅት ልጅ ናት። አሳካዋ ነገሩን ሲከታተል ወጣቶቹ ከመሞታቸው ከአንድ ሳምንት በፊት በሃኮኔ ተራሮች አካባቢ በአንድ የመዝናኛ ቤት አብረው እንዳደሩ ይደርስበታል። እዚያ ሄዶ አንድ ካሴት ያገኛል፤ ያየዋል። ካሴቱ መጨረሻ ላይ ይህን ያየ ከሰባት ቀን በኋላ በዚህች ሰዓት እንደሚሞት ይነግረዋል፤ መዳን ከፈለገ ምን ማድረግ እንዳለበት ሊነግረውም ይጀምራል። እዚህ ላይ ምስሉ ይቆረጥና የወባ ትንኝ ማባረሪያ ጭስ ማስታወቂያ ይመጣል። ወጣቶቹ ለቀልድ ብለው በላዩ ሌላ ነገር ቀድተውበታል። በአስፈሪ ልብ ወለድ ውስጥ ካነበብኳቸው ቦታዎች ሁሉ ይህን የሚያህል አላውቅም። መድኃኒቱ የጠፋው በጋኔን ተንኮል አይደለም፤ በልጆች ጨዋታ ነው። በካሴት ዘመን ያደግን ሁሉ፣ የምንወደው ዘፈን ላይ ወንድማችን ወይም እኅታችን ሌላ ቀድተውበት ያዘንን፣ ይህን ስንጥቅ እናውቀዋለን።

አሳካዋ ጓደኛውን የፍልስፍና መምህሩን ርዩጂ ታካያማን ይጠራል፤ ርዩጂ እቤቱ ሆኖ እንዲመረምረው ካሴቱን ቀድቶ ይሰጠዋል። ይህን አስታውሱ። ከዚያ የአሳካዋ ሚስትና ገና ሕፃን የሆነችው ሴት ልጁ ሳያውቁ ካሴቱን ያዩታል። ቀኑ ይሮጣል። ሁለቱ ወዳጆች የካሴቱን ምስሎች ተከትለው ወደ ኦሺማ ደሴት ይደርሳሉ፤ ሳዳኮ ያማሙራ የምትባል፣ ሐሳቧን በፊልም ላይ ማተም የምትችል ወጣት እንደነበረች ያውቃሉ። ሳዳኮ በሃኮኔ በነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሕሙማን ማገገሚያ አንድ ሐኪም ደፍሯት፣ ገድሎም በጉድጓድ ጥሏታል፤ የመዝናኛ ቤቱ የተሠራው በዚያ ጉድጓድ ላይ ነው። አሳካዋ የሰባተኛው ቀን ሰዓት ከመድረሱ በፊት ወደ ጉድጓዱ ወርዶ ውሃውን እየቀዳ፣ እየቀዳ፣ አጥንቷን ያወጣል። ሰዓቱ ያልፋል፤ አይሞትም። አጥንቱ ለዘመዶቿ ይሰጣል። በአሮጌው ውል መሠረት ታሪኩ እዚህ ላይ ማለቅ ነበረበት።

በማግሥቱ ርዩጂ ይሞታል።

ሱዙኪ የካይዳንን የዘመናት ውል የቀደደው እዚህ ላይ ነው። ሳዳኮ ዕረፍትን አትፈልግም፤ ፍትሕንም አትጠይቅም። የምትፈልገው መባዛትን ነው። አሳካዋ የዳነው አጥንቷን ስላወጣ አልነበረም። ካሴቱን ቀድቶ ለርዩጂ ስላሳየ ነው። ርዩጂ ግን ለማንም አልቀዳም። አሳካዋ ይህ ሲገባው ሚስቱንና ልጁን ለማዳን ምን ማድረግ እንዳለበት ያውቃል። የቪዲዮ ማጫወቻውን በመኪናው ጭኖ ወደ ሚስቱ ወላጆች ቤት ይነዳል። ልብ ወለዱ በዚያ መንገድ ላይ ያበቃል።

የናካታ ፊልም በቴሌቪዥን መስኮት ውስጥ በምትወጣው ሴት በዓለም ሁሉ ታወቀ። ያ ትዕይንት በመጽሐፉ ውስጥ የለም። መጽሐፉ የሚያስፈራው አማቶቹን ሊያይ በሚነዳ አንድ ጨዋ አባት ነው።

ስለ ሳዳኮ እናት ጥቂት ልበል፤ ለዩኒቨርሲቲ ሰዎች የሚነካ ነገር አለውና። በልብ ወለዱ ሺዙኮ ያማሙራ የተባለችው እናት ኢኩማ በተባለ ምሁር አማካይነት ለሕዝባዊ ሙከራ ትቀርባለች፤ ጋዜጦች ያዋርዷታል፤ ወደ እሳተ ገሞራ ራሷን ትወረውራለች። ይህ ከምናብ ብቻ የመጣ አይደለም። በቶኪዮ ኢምፔሪያል ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና ምሁር የነበረው ቶሞኪቺ ፉኩራይ እ.ኤ.አ. በ1910 ቺዙኮ ሚፉኔ የተባለች ወጣት የታሸገ ጽሑፍ ማንበብ ትችል እንደሆነ በምሁራንና በጋዜጠኞች ፊት ፈትኗል። ሙከራው ተነቀፈ። በ1911 መጀመሪያ ቺዙኮ መርዝ ጠጥታ ሞተች። ፉኩራይም ውሎ አድሮ ዩኒቨርሲቲውን ለቀቀ። ሱዙኪ ከዚህ የወሰደው ሴቲቱ ኃይል ነበራት ወይስ አልነበራትም የሚለውን ክርክር አይደለም። የወሰደው የምሁሩንና የጋዜጣውን ዐይን ነው፤ አንዲትን ሴት በመሐል አቁሞ የሚያይና ሲጠግብ የሚተዋት ዐይን። ዋና ገጸ ባሕርዩን ጋዜጠኛ፣ ረዳቱን የዩኒቨርሲቲ መምህር ያደረገው ያለ ምክንያት አይመስለኝም።

ደራሲውን ማመስገን ብቻ የምሁር ሥራ አይደለምና ቅሬታዬንም ልናገር። ሱዙኪ ሳዳኮን በሕይወት ሳለች እምብዛም አያሳየንም። ስለ እሷ የምንሰማው ከወንዶች አፍ ነው፤ የደፈራት ሐኪም ሳይቀር ረጅም ንግግር ያደርጋል። ርዩጂም ሴቶችን እንደደፈረ ለወዳጁ ይናገራል፤ ትረካው ይህን እውነት ይሁን ፉከራ ሳይለይ፣ ብዙም ሳይከብደው ያልፈዋል። ሳዳኮ በተፈጥሮዋ የሁለቱን ፆታ ምልክት የያዘች መሆኗም ለሴራው ምቾት የገባ እንጂ ስለ እሷ ሰውነት የሚነግረን ነገር የለውም። ናካታ በፊልሙ ጋዜጠኛውን ወንድ ወደ እናት መለወጡ ይህን ጉድለት ያየ ይመስለኛል።

አሁን በመጽሐፉ ውስጥ ብዙ አንባቢ ፈጥኖ ወደሚያልፈው አንድ ነጥብ እመጣለሁ። ሳዳኮን የደፈራት ሐኪም በጊዜው ፈንጣጣ ይዞት ነበር፤ በልብ ወለዱ መሠረት በጃፓን የመጨረሻው የፈንጣጣ ሕመምተኛ እሱ ነው። ሱዙኪ የካሴቱን ባሕርይ የሚያስረዳው በዚህ ነው፤ ሁለት ሊጠፉ የተቃረቡ ነገሮች፣ የሳዳኮ ቁጣና የፈንጣጣ ቫይረስ፣ በጉድጓዱ ውስጥ ተዋሕደው ለመባዛት አዲስ መንገድ አገኙ። ቫይረስ በራሱ መኖር አይችልም፤ የሚኖረው በሌላ ሰው ውስጥ ራሱን ሲቀዳ ብቻ ነው።

ለቶኪዮ አንባቢ ፈንጣጣ የሩቅ ታሪክ ነው። ለዚህ ክፍለ ዓለም ግን እንዲያ አይደለም። ፈንጣጣ ከምድር ገጽ የጠፋው በእኛ አካባቢ ነውና። ኢትዮጵያ የመጨረሻዋን ሕመምተኛ ያየችው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1976 በደቡብ ምሥራቁ ቆላ ነው። በዓለም በተፈጥሮ መንገድ የተያዘው የመጨረሻው ሰው በጥቅምት 1977 በሶማሊያ በመርካ ከተማ ተገኘ፤ ዓሊ ማው ማሊን የሚባል የሆስፒታል ምግብ አብሳይ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት የፈንጣጣ ማጥፋት ክፍል በዚያን ዓመት የሚመራው ደግሞ ጃፓናዊው ሐኪም ኢሳኦ አሪታ ነበር። በግንቦት 1980 የዓለም ጤና ጉባኤ ፈንጣጣ መጥፋቱን አወጀ።

ፈንጣጣ በምን ስልት ጠፋ? ሁሉን ሰው በመክተብ አይደለም፤ በዚህ በረሃ ከቦታ ቦታ የሚንቀሳቀስ አርብቶ አደር ሁሉን አግኝቶ መክተብ የማይሞከር ነበር። አንድ ሕመምተኛ ሲገኝ እሱን ለይቶ፣ ያገኛቸውን ሰዎች ፈልጎ፣ በዙሪያው ያሉትን መክተብ ነው። ቫይረሱ መሻገሪያ ያጣል። ይህ ስልት በሙያው ቋንቋ «የቀለበት ክትባት» ይባላል።

ተማሪዎቼ፣ ሁለቱን ቀለበቶች ጎን ለጎን አስቀምጧቸው። በሱዙኪ ቀለበት ውስጥ እያንዳንዱ ሰው ራሱን የሚያድነው ክፉውን ለቀጣዩ በማሻገር ነው። ሁሉም ይድናል፤ ከመጨረሻው ሰው በቀር። ስለዚህ ሁሌም አንድ ተጨማሪ ሰው ያስፈልጋል፤ ሰንሰለቱ እስካልቆመ ድረስ የሞተ ያለ አይመስልም፤ ሥነ ምግባራዊ ማታለያውም እዚህ ላይ ነው። በክትባቱ ቀለበት ውስጥ ደግሞ ምንም ያልያዘው ጤነኛ ሰው ክንዱን ሰጥቶ ይወጋል፤ ክፉው ከእሱ አልፎ እንዳይሄድ። የመርካው አብሳይ የመጨረሻው ሰው ሆነ። ደግሞም ዳነ። በኋለኛው ዕድሜው በአገሩ በፖሊዮ ዘመቻ እየዞረ ወላጆች ልጆቻቸውን እንዲያስከትቡ ያስረዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2013 እስኪሞት ድረስ በዚህ ሥራ ላይ ነበር።

«ክትባት» የምንለው ቃል ከ«ከተበ» የመጣ ነው፤ ጻፈ ማለት ነው። «ክታብ»ም ከዚያው ቤተሰብ ነው፤ እዚህ መጋላ ውስጥ መጽሐፍን «ኪታብ» የሚለው ዐረብኛም ዘመዱ ነው። አያቶቻችን ክፉን ለመከላከል ያስጽፉ ነበር። ደብተራው ብራናውን በባለቤቱ ቁመት ልክ ይቀጥላል፤ ሕፃናትን ትገድላለች የምትባለውን ውርዝልያን ቅዱስ ሱስንዮስ እንዴት እንዳሸነፋት ይገለብጣል፤ በየቦታው የባለቤቱን ስም ያስገባል። ብራናው ወደ ሌላ ሰው ሲተላለፍ የፊተኛው ስም ተፍቆ የአዲሱ ይጻፋል። በገድሎቻችንና በድርሳኖቻችንም ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበውና ለሰማው በረከት እንደሚሰጥ ተስፋ ይነገራል። እንግዲህ ቅጂ ያድናል የሚለው እምነት ለእኛ እንግዳ አይደለም። ልዩነቱ ምን እንደሚሻገር ላይ ነው። በብራናው የሚገለበጠው ጥበቃ ነው፤ በሱዙኪ ካሴት የሚገለበጠው ጥፋት ነው።

በሁለቱ መሐል የቆመ ሦስተኛ ዓይነትም አለን። እኔ ተማሪ ሳለሁ በእጅ ተገልብጠው የሚዞሩ ወረቀቶች ነበሩ፤ ይህን ገልብጠህ ለእነዚህ ያህል ሰዎች ካላደረስህ መከራ ያገኝሃል የሚሉ። ዛሬ በስልካችሁ ይመጡላችኋል። በረከት የለበሰ እርግማን ናቸው፤ ሰው የሚልካቸው አምኖባቸው ሳይሆን «ምን አውቃለሁ» ብሎ ነው። የአሳካዋም ልብ ከዚህ የራቀ አይደለም።

ይህች ከተማ ደግሞ የቅጂ ከተማ ናት። ባቡሩ ከጅቡቲ ዕቃ ሲያመጣ፣ ታይዋን ገበያ የጃፓን ቴፕና የቪዲዮ ማጫወቻ ሲሸጥ፣ የአሊ ቢራ ዘፈን ከካሴት ወደ ካሴት እየተቀዳ ከዚህ ወጥቶ የት እንደደረሰ ታላላቆቻችን ያውቃሉ። ቅጂ ደስታም ነበር። ስለ ቅጂ ክፉ ብቻ መናገር ግፍ ይሆንብኛል።

ሆኖም ባለፉት ዓመታት በአገራችን በተከሰቱት ግጭቶች ወቅት ከስልክ ወደ ስልክ የሚሻገሩትን ምስሎች ሁላችንም አይተናል። አንድ ጊዜ በክፍል ውስጥ እንዲህ ያለውን ምስል ለምን እንደምንልክ ተማሪዎቼን ጠይቄ ነበር። አንዱ «ብቻዬን አይቼ መሸከም ስላልቻልኩ» አለኝ። ከ«ሪንጉ» ጋር የሚገናኝ መልስ ፈልጌ አልጠየቅኩትም፤ መጽሐፉን ገና አላነበቡም ነበር። ያየው ነገር በውስጡ ተቀምጦ ያስጨንቀዋል፤ ለሌላ ሲያሳየው ይቀለዋል፤ የተቀበለውም እንዲሁ። ሱዙኪ ይህን የጻፈው በ1991፣ በአንድ ጥቁር ካሴት ላይ ነው።

መጽሐፉን ካነበቡ በኋላ ሌላ ጥያቄ አቀረብኩላቸው፤ ካሴቱን ብታዩ ለማን ታሳያላችሁ? ጠላቴን ያለ ነበር፤ ዕድሜ የጠገበ ሰው ያለም ነበር፤ ብዙዎቹ «ከእኔ ላይ ይቁም» አሉ። ከኋላ የተቀመጠች ተማሪ «ያየው ልጄ ቢሆንስ?» አለች። ክፍሉ ጸጥ አለ። የሱዙኪ ኃይል ያለው በዚህ ጸጥታ ውስጥ ነው። አሳካዋ ክፉ ሰው አይደለም። ለራሱ ቢሆን ኖሮ ምናልባት ሌላ መንገድ ይመርጥ ነበር። ፍቅሩ ነው ወደ አማቶቹ ቤት የሚነዳው። በ«ራሰን» ውስጥም ዋናው ሰው ልጁ በባሕር የሰጠመበት የአስከሬን መርማሪ ሐኪም አንዶ ነው፤ ልጁ እንዲመለስለት ሲል ከሳዳኮ ጋር ይተባበራል። ልጆቹን በእጁ ያሳደገ ደራሲ አባት ለልጁ ሲል ዓለምን እንደሚሸጥ ደጋግሞ ይጽፋል፤ አንድም ጊዜ አይፈርድበትም።

ስለ «ጥቁር ውሃ» የአጫጭር ልብ ወለዶች ስብስቡ በአጭሩ ላልፍ። እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ነው፤ የመጀመሪያው ታሪክ አንዲት እናትና ልጅ በሚኖሩበት ፎቅ ጣራ ላይ ስላለ የውሃ ማጠራቀሚያ ነው፤ የሚጠጡት ውሃ ውስጥ ምን እንዳለ ቀስ በቀስ ይጠራጠራሉ። ጥሩ ታሪክ ነው፤ ምናልባትም ከ«ሪንጉ» የበለጠ የተጣራ። ነገር ግን ደቻቱ በሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ በሌሊት ደርሶ ከ200 በላይ ሰዎች በወሰደበት ከተማ፣ ተማሪዎቼ መካከል ቤተሰቡን ያጣ ሊኖር በሚችልበት ክፍል፣ ይህን ታሪክ ለማስተማር ሁሌም እጄ ይከብዳል። አስተምረዋለሁ፤ ግን አስቀድሜ እናገራለሁ፤ መውጣት የሚፈልግም ይወጣል።

«ሩፑ»ን በተመለከተ ፍርዴ አጭር ነው። በዚህ ሦስተኛ መጽሐፍ የቀደሙት ሁለቱ ዓለሞች በኮምፒዩተር ውስጥ የተፈጠሩ እንደሆኑ ይገለጣል። ሐሳቡ ብልህ ነው፤ ፍርሃቱ ግን ተኖ ጠፍቷል። ሁሉ ነገር ሲብራራ የሚያስፈራ አይቀርም።

የመጨረሻ ነጥቤ ስለ «ራሰን» ነው። አሳካዋ ከደረሰበት ነገር በኋላ የሆነውን ሁሉ በዝርዝር ጽፎ ነበር። አንዶ ቆይቶ የሚደርስበት ነገር ይህ ነው፦ ካሴቶቹ ቢጠፉም ቫይረሱ ወደ ጽሑፉ ገብቷል፤ ዘገባውን ያነበበ ሁሉ ተይዟል። የአሳካዋ ወንድም ደግሞ ዘገባውን በመጽሐፍ መልክ ሊያሳትመው ነው። የመጽሐፉም ርእስ «ሪንጉ» ነው።

ይህ ንግግር ዛሬ እየተቀዳ መሆኑን፣ ጽሑፉም በፋኩልቲያችን ድረ ገጽ ላይ እንደሚወጣ አስተባባሪዎቹ ነግረውኛል። ጥያቄ ያላችሁ ድምፅ ማጉያው ወደ እናንተ ይመጣል፤ ከኋላ ካሉት ብንጀምር።